የማኅበሩን ጽዋ ባልጠጣ መናቅ ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ34 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ከ20 ዓመቴ ጀምሮ እጠጣለሁ። ቅዳሜ ሲመጣ ደሴ ወጥቼ ከአንዱ ጭፈራ ቤት ወደ ሌላው ስል ነው የኖርኩት። ድሮ ዐቢይ ጾም ሲገባ 55ቱን ቀን አቆም ነበር። ዘንድሮ እሱም አቃተኝ። ጠዋት ካልቀመስኩ እጄ ይንቀጠቀጣል። ባለፈው ሳምንት ሌሊት የሐረጎን ቁልቁለት መኪና እየነዳሁ ወርጃለሁ፤ እንዴት እንደወረድኩ ግን አላስታውስም። ሲነጋ መኪናዋን ደጄ ቆማ ሳያት አለቀስኩ። በቃኝ። ግሼን ማርያም ሄጄ ሁለተኛ ላልጠጣ ልሳል አስቤያለሁ። ደግሞ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነኝ። በ12 ጠላው ሲቀዳ አልጠጣም ብል ጽዋውን መናቅ አይሆንብኝም? ቁርባኑስ ወይን አይደል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሐረጎ በሰላም ያወረደህ አምላክ ይመስገን።

የጽዋውን ላስቀድም፤ ቀላሉ እሱ ነው። ማኅበር የምንጠጣው በመልአኩ ስም ተሰብስበን ልንጸልይ፣ ነዳያንን ልናበላ፣ የተጣላ ካለ ልናስታርቅ ነው። ጠላው የመጣው በባህላችን ነው። ሚካኤል ጋኑ ውስጥ የለም። ጸሎቱን ጸልይ፣ ዳቦውን ብላ፣ ውኃ ጠጣ። ለሙስሊም ጎረቤቱ የማያሰክር ቄሪቦ ለይቶ የሚያቀርብ የወሎ ሰው ላንተ አንድ ማንቆርቆሪያ አያጣም። ለማኅበሩ ሙሴ፣ ለሰብሳቢው፣ አስቀድመህ ንገረው፤ ሰው ፊት “በሞቴ፣ አንዴ ፉት በል” እየተባልክ እንዳትጨነቅ። ተራህ ሲደርስም ጠላውን እቤትህ አታስጠንስስ። ጋን ያለበት ቤት እያደሩ “አልጠጣም” ማለት ራስን መፈተን ነው።

ቁርባኑን አትፍራ። የኛ ቤተ ክርስቲያን ዘቢቡን በውኃ አርሳ፣ አሽታ፣ ጨምቃ ነው የምታዘጋጀው፤ እንደ ጠላ ተጠንስሶ የሚፈላ ነገር የለውም። የሚያስፈልግህ ከዚያ በፊት ንስሐ መግባት ነው።

ጓደኞችህ “ጴንጤ ሆንክ እንዴ?” ይሉሃል፤ ከወሎ ልጅ ደግሞ “ሰለምክ ወይ?”ም አይቀርም። ሳቅ ብለህ እለፈው። አንዱ ግን ጥቅስ ይዞ ይመጣል፦ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን “ጥቂት የወይን ጠጅ ጠጣ” ብሎታል ይልሃል። ሙሉውን አንብብለት። “ስለ ሆድህና ስለ በሽታህ ብዛት” ነው ያለው። የሆድ ሕመምተኛ የታዘዘለት ነው። ያንተ ሕመም ራሱ መጠጡ ነው። ጌታ በቃና ውኃውን ወይን እንዳደረገ እናምናለን፤ ወይንን ርኩስ አንልም። ስካርን ግን ያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች “በወይን ጠጅ አትስከሩ” ብሎ ከልክሎታል። ላንተ ደግሞ ከአንዱ ብርጭቆ በኋላ ሁለተኛው የማይቀር ነው፤ ራስህ ታውቀዋለህ።

ስለቱ ላይ ግን አልስማማም። ግሼን ሂድ፤ መስከረም 21 ወጥተህ አልቅስ፣ ለምናት። አሁን ግን አትሳል። መክብብ “ተስሎ ከማይፈጽም ባይሳል ይሻላል” የሚለው እንዳንተ በእንባው መሐል ለሚቸኩል ሰው ጭምር ይመስለኛል። ተስለው የመጡ ሰዎችን አይቻለሁ። ሁለት ወር ይጠነክራሉ። አንድ ሰርግ ላይ ይሳሳቱና “ስለቴን አፍርሻለሁ፣ ከእንግዲህማ አለቀልኝ” ብለው ሳምንቱን ሙሉ ይጠጣሉ። ከመጠጡ ይልቅ የጣላቸው ተስፋ መቁረጡ ነው። አባታችን ሆይ ስትል “የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ” ትል የለ? የዛሬውን ለምን። የነገውን ነገ ትለምናለህ። ብትወድቅ ደግሞ በማግሥቱ ንስሐ አባትህ ዘንድ ሂድ፤ አትሸሽ።

ጥያቄህን ሳነብ ያስፈራኝ የእጅህ መንቀጥቀጥ ነው። ለዓመታት ብዙ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሰውነቱ ሊያምፅ ይችላል። በተለይ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የሌለ ነገር ማየት፣ እንደሚጥል በሽታ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። የሚሞትም አለ። ስለዚህ ዛሬውኑ ጸበል ቦታ ገብተህ፣ እህል ሳትቀምስ “አቆምኩ” እንዳትል። አስቀድመህ ሐኪም ቤት ሂድ፤ ስንት እንደምትጠጣ፣ ጠዋት እንደሚያንቀጠቅጥህ ሳታፍር ንገራቸው። ማቆሚያውን በመድኃኒት እየደገፉ ያሻግሩሃል። ይህ እምነት ማነስ እንዳይመስልህ። ሲራክ ሐኪምን እግዚአብሔር ስለ ፈጠረው አክብረው ይላል። ጸበሉ የትም አይሄድም፤ ስትጠነክር ትጠመቃለህ።

ከሐኪም ስትመለስ ንስሐ አባትህን ጥራና ሁሉንም ንገራቸው፤ የሐረጎዋንም ሌሊት። ቀኖናው ከበዛብህ “አባቴ፣ በዛብኝ” በል፤ አቅምህን አይተው ያቀሉልሃል። ንስሐ አባት ከሌለህ አጥቢያህ ሄደህ አንዱን ቄስ ለምን።

የመኪናውን ቁልፍ ግን ዛሬ ማታ ለማትጠጣ እህትህ ወይም ለጎረቤት አስረክብ።