የባሌዋ የጅረት እንቁራሪት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ባሌ ተራሮች ላይ ስለምትኖረው ትንሿ የጅረት እንቁራሪት ብዙ ጠይቃችኋል። እነሆ መልሶቼ።

እውነት ሌላ አገር የለችም?

የለችም። ከኢትዮጵያም ባሌ ብቻ፣ ያውም ሐረና ጫካና ከሱ በላይ አስታ በሚበቅልበት ደጋ፣ ባሉ ጥቂት ጅረቶች ነው የተገኘችው። ሳይንሳዊ ስሟ ኤሪካባትራከስ ባሌንሲስ ነው። የእንስሳት ተመራማሪው ማልኮም ላርጀን በ1991 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ አስተዋወቃት። በጂነሷ፣ ማለትም በቅርብ ዘመዳማ ዝርያዎች ምድቧ፣ ውስጥ ሌላ ዝርያ አይታወቅም። እሷ ከጠፋች እህት እንኳ አታስቀርም፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው።

ፓርክ ውስጥ ካለች ምን ያሰጋታል?

ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ በ2023 ደግሞ የዓለም ቅርስ ሆነ። ትልቅ ነገር ነው። ግን ፓርኩ ውስጥ ሰው ይኖራል፣ ከብት ይሰማራል፣ እንጨት ይቆረጣል። መጀመሪያ የተገኘችበት ቦታ ላይ እንኳ በኋላ የሄዱ ተመራማሪዎች ፈልገው አጥተዋታል።

ከብት ውሃ ቢጠጣ እንቁራሪትን ምን ያደርጋታል?

መጠጣቱ አይደለም ችግሩ። መንጋው በየቀኑ በአንድ በኩል ሲወርድ ኮቴው የጅረቱን ዳር ይንደዋል። ሣሩ ይረገጣል፣ አፈሩ ይፈርሳል፣ ጭቃው በድንጋዮቹ መሀል ያለውን ክፍተት ይደፍነዋል። የምትሸሸገው እዚያ ነበር። ዳሩ ላይ ያለው አስታ ከተቆረጠ ደግሞ ጥላው ይሄዳል፣ ውሃው ይሞቃል። የደጋ እንቁራሪት ሙቀት አትችልም።

ታዲያ ጥፋቱ የአርብቶ አደሩ ነው?

እንደዚያ ብሎ መደምደም ግፍ ነው። ከብቱ ውሃ ያስፈልገዋል፣ ቤቱም ማገዶ። ድንጋያማ የሆነ አንድ ማጠጫ ቦታ ተመርጦ ሌላው የጅረት ዳር ቢከለል ለሁለቱም ይበጃል። ይህን መወሰን ያለባቸውም ከጅረቱ ጋር የሚኖሩት ሰዎች ናቸው።

ይዘን ሌላ ጅረት ብንለቃትስ?

እባካችሁ እንዳትሞክሩት! ካይትሪድ የሚባል ፈንገስ በኢትዮጵያ ደጋዎች ተገኝቷል። የእንቁራሪት ቆዳ ላይ ነው የሚያርፈው። እንቁራሪት ውሃም ጨውም የምታስገባው በቆዳዋ ስለሆነ፣ ቆዳዋ ሲታመም ልብ እስከማቆም ይደርሳል። ከጅረት ወደ ጅረት ማዘዋወር በሽታውን ማዛመት ነው።

ለጉብኝት ልንሄድ ነው፤ ምን እናድርግ?

ከአንዱ ጅረት ወደ ሌላው ከመሻገራችሁ በፊት የጫማችሁን ጭቃ አራግፉ፣ ጫማውንም በደንብ አድርቁ። ጅረት ውስጥ በሳሙና አትታጠቡ። ድንጋይ አትገልብጡ። ካያችኋት ሳትነኩ ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን ለፓርኩ ሠራተኞች ንገሩ።