ሳይዳሰስ የሚሸጥ የእጅ ሥራ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡ ጥያቄዎች

ሐረር ጁገል ውስጥ ስፌት ልትገዛ የመጣች ሴት ዋጋ ለመጠየቅ አትቸኩልም። ሙዳዩን ታነሣዋለች፣ ትገለብጠዋለች፣ ስፌቱ የተጀመረበትን እምብርት ትፈትሻለች፣ ከንፈሩን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ጥብቀቱን ትለካለች፤ «ስንት ነው?» የምትለው ይህን ሁሉ ከጨረሰች በኋላ ነው። በስልክ ለሚገዛ ሰው ይህ ዕድል የለውም። ሰሞኑን የእጅ ሥራቸውን በኢንተርኔት መሸጥ የጀመሩ አንባቢያን የላኩልኝ ጥያቄዎች ስለ ዋጋ፣ ስለ ፎቶ፣ ስለ ክፍያ ቢሆኑም፣ አብዛኞቹ የሚመለሱት ወደ አንድ ነገር ነው፤ ገዢው በእጁ ያልዳሰሰውን ዕቃ በምን አምኖ ይግዛ?

«አነስተኛ የግድግዳ ስፌት እሰፋለሁ። ለአንዱ የ350 ብር አክርማና አለላ ይገባበታል፤ በቀን አምስት ሰዓት እየሠራሁ በሦስት ቀን እጨርሰዋለሁ፤ 800 ብር እሸጠዋለሁ። ገዢ አላጣሁም፤ ገንዘቡ ግን እጄ ላይ አይቆይም። ምክንያቱ ምን ይሆን?» (ከሐረር)

እህቴ፣ በጻፉልኝ ቁጥር እንቁጠረው። ከ800 ብሩ ላይ የአክርማውና የአለላው 350 ሲነሣ 450 ይቀራል። በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ለመጠቅለያና እስከ መናኸሪያ ለባጃጅ 120 ብር ያህል እንደሚያወጡ ጠቅሰዋል፤ እሱም ሲቀነስ የሚተርፈው 330 ብር ነው። ይህ ለ15 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 22 ብር ይደርስዎታል ማለት ነው። ፎቶ ያነሡበት፣ ማታ ማታ መልእክት ሲመልሱ ያመሹበትና የተበላሸውን ፈትተው እንደገና የሰፉበት ጊዜ ገና አልተቆጠረም።

እናቶቻችን ስፌት የሚሰፉት በቡናና በጨዋታ መካከል ስለነበር ወስፌ የያዘ እጅ ሰዓቱ እንደማይታሰብ አድርገን ለምደናል። ለቤትና ለዘመድ ሲሆን ልማዱ መልካም ነው፤ ለገበያ ሲሆን ግን ሰፊዋን ያከስራል። ስለዚህ አንድ ደብተር ይያዙና ለእያንዳንዱ ስፌት የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት፣ የገባበትን ዕቃና የጉዞውን ወጪ ይጻፉበት። ከዚያም ለአንድ ሰዓት ሥራዎ ስንት ብር እንደሚገባዎ ራስዎ ይቁረጡ። ለምሳሌ 60 ብር ቢሉ፣ የ15 ሰዓት ድካም 900፣ ዕቃው 350፣ መላኪያው 120፣ በጠቅላላው 1,370 ብር ይሆናል። ይህም ድካምዎንና ወጪዎን የሚመልስልዎ ነው እንጂ ትርፍ ገና የለበትም። ነገ ከድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር አንድ ባለ ሱቅ መጥቶ «ሃያ ልውሰድ፣ ቅናሽ አድርጊልኝ» ቢልዎ የሚቀንሱት ነገር እንዲኖርዎ ከዚህ በላይ መጨመር ያስፈልጋል።

ገዢ ይሸሻል ብለው እንደሚሰጉ ይገባኛል፤ ከፊሉ መሸሹም አይቀርም። ሆኖም 800 ብር ሲከፍልዎት የነበረው ሰው ከስፌቱ ጋር የእርስዎንም ጉልበት በነፃ ሲወስድ ነው የቆየው። በአንድ ቀን ሁሉንም ዋጋ ከመስቀል ይልቅ አዲስ በሚያወጡት ንድፍ ላይ ትክክለኛውን ዋጋ ይጻፉ፤ ነባሮቹ እየተሸጡ ሲያልቁ እንደገና የሚሰፏቸውም በአዲሱ ሒሳብ ይሁኑ። ዐቅሙ ለማይፈቅድለት ገዢ ደግሞ በሁለትና በሦስት ሰዓት የሚያልቅ የስኒ ማስቀመጫ ያቅርቡለት እንጂ ትልቁን ስፌት እያሳሱ ዋጋ አይቀንሱ። የሳሳ ስፌት በፎቶ አይለይም፤ እቤት ሲደርስ ግን ገዢዋ በአውራ ጣቷ ጫን ታደርገዋለች። አንድ ነገር ደግሞ እለምንዎታለሁ፤ ዋጋውን ከፎቶው ሥር በግልጽ ይጻፉት። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ሻጭ ለእያንዳንዱ ገዢ የተለያየ ዋጋ እንደሚነግር ይጠረጠራል፤ ጥርጣሬውም ብዙ ጊዜ ከእውነት የራቀ አይደለም።

«የጥልፍ ትራስ ልብስ እሸጣለሁ። ደንበኛዬ በፎቶው ያየችው ቀለምና የደረሳት ቀለም እንደማይገናኝ ነግራኝ መለሰችልኝ። ስልኬ ጥሩ ነው፤ ስሕተቱ የማን ነው?» (ከድሬዳዋ)

ይህ በእኔም ላይ ደርሷል። ከዓመታት በፊት የጥልፍ ሥራዬን በቴሌግራም ስሸጥ፣ አንድ ጥቁር ሰማያዊ የጠረጴዛ ልብስ በቢጫ አምፖል ሥር አንሥቼ ለጥፌው ነበር። ገዢዋ ባሕር ዳር ሆና ሲደርሳት «እኔ ያዘዝኩት አረንጓዴ ነው» አለች። ፎቶውን መልሼ ሳየው እውነትም አረንጓዴ ይመስላል፤ የአምፖሉ ቢጫ ሰማያዊውን ለውጦታል። ዕቃው ሲሄድም ሲመለስም የመላኪያውን ከፈልኩ፤ መክፈልም ይገባኝ ነበር።

ስለዚህ ስልኩን ይተዉትና ብርሃኑን ይመልከቱ። የድሬዳዋ የቀትር ፀሐይ ቀለም ያነጣል፣ የክሩንም ጥላ ያጠቁራል፤ የማታ መብራት ደግሞ ያወይባል። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ደጃፍ ላይ ነጭ አንሶላ አንጥፈው ያንሡ። በፎቶው ውስጥ አንሶላው ነጭ ሆኖ ከታየ የጥልፉም ቀለም ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ አንሶላው ከወየበ ጥልፉም ወይቧል ማለት ነው። የስልኩን ማሳመሪያ ያጥፉት። የገዢዋ ስልክም በበኩሉ ቀለሙን ሊለውጠው ስለሚችል፣ ከፎቶው ጋር ቀለሙን በምታውቀው ነገር ይግለጹላት፤ «ቀይ» ከማለት «የደረቀ በርበሬ ቀይ» ማለት አያሳስትም።

አንድ ፎቶ አይበቃም። ሙሉውን፣ ጥልፉን ከቅርብ፣ የጀርባውን ክር፣ ከአንድ ሲኒ አጠገብ ተቀምጦ መጠኑን፣ እንከን ካለውም እንከኑን ለብቻው ያሳዩ። የጀርባው ክር ለምን እንደሚታይ የሚጠይቁኝ አሉ። ጥልፍ የምታውቅ ሴት በሱቅ ውስጥ በመጀመሪያ የምትገለብጠው ጀርባውን ስለሆነ ነው። ርዝመትና ወርዱንም በሴንቲ ሜትር ይጻፉ፤ «መካከለኛ» የሚለው ቃል ለአንዱ ትልቅ ለሌላው ትንሽ ነው።

«የቆዳ ቦርሳ እሠራለሁ። ድረ ገጽ ላሠራ ወይስ በቴሌግራም ልጀምር?» (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

በቴሌግራም ይጀምሩ። ገዢዎችዎ ያሉት እዚያ ነው፤ ድረ ገጽ ደግሞ ገና ሽያጭ ሳይመጣ በየዓመቱ የሚከፈል ወጪ ያመጣል። በቻናሉ አናት ላይ የአከፋፈሉን መንገድ፣ በስንት ቀን እንደሚያደርሱና ዕቃ የሚመለስበትን ሁኔታ የሚገልጽ አንድ ጽሑፍ ሁልጊዜ እንዲታይ አድርገው ይስቀሉ። ቻናሉ ከስልክ ቁጥርዎ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ዛሬውኑ ያብሩት፤ ፈቃደኛ የሆኑ ደንበኞችዎንም ስልክ በወረቀት ላይ ይመዝግቡ። የአካውንት ሌብነት ደርሶባቸው የሦስት ዓመት ደንበኛ በአንድ ሌሊት ያጡ ሰዎችን አውቃለሁ።

«ለሠርግ ስድስት መሶብ አዝዘውኝ ቀብድ ከከፈሉ በኋላ ሠርጉ ስለተራዘመ ገንዘባቸውን ጠየቁኝ። ሁለቱን ጨርሻለሁ። የመመለስ ግዴታ አለብኝ?» (ከሐረር)

በዚህ ጥያቄ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ «ቀብድ» የሚለውን ቃል ሁላችንም እንዲሁ በልማድ እንናገረዋለን፣ በሕግ ግን የራሱ ትርጉም አለው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ድረስ እንደሚደነግገው፣ ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው፤ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ወገን ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። እንግዲህ አዛዦችዎ ትእዛዙን ፈጽመው ከተዉት ቀብዱን ለማስቀረት መሠረት አለዎት ማለት ነው፤ ነገር ግን ስለቱ ወደ እርስዎም ዞሮ እንደሚቆርጥ ልብ ይበሉ። ለምሳሌ የዐርባ መሶብ ትእዛዝ ከነቀብዱ ተቀብለው ማድረስ አቅቶዎት ቢተዉ፣ የሚጠየቁት የተቀበሉትን ብቻ ላይሆን ይችላል።

ሠርጉ ተራዘመ እንጂ አልቀረም ብለዋል፤ ስለዚህ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ሁለቱን መሶቦች ሰጥቼ፣ የቀሩትን አራት ለአዲሱ ቀን ለማድረስ በጽሑፍ እስማማለሁ። ወደፊት ግን የሚቀበሉት ገንዘብ ቀብድ ይሁን ወይስ ከዋጋው ላይ የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ ብቻ፣ ትእዛዝ ቢሰረዝስ ስንቱ እንደሚመለስ ከመጀመሪያው ይጻፉ። ጽሑፉ ማኅተም ያለበት ወረቀት መሆን የለበትም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለተላከ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ስለሚደነግግ፣ የተለዋወጣችሁትን መልእክት አያጥፉት።

«የከፈለበትን ማረጋገጫ በፎቶ ልኮልኝ ዕቃውን ሰጠሁት፤ ገንዘቡ ግን አልገባም።» (ከድሬዳዋ)

የተላከልዎ ፎቶ ማረጋገጫ አይደለም፤ በስልክ ላይ በደቂቃ ውስጥ የሚቀናበር ነገር ነው። ማረጋገጫው የራስዎ ሒሳብ ብቻ ነው። በቴሌብር ከሆነ *127# ደውለው ወይም መተግበሪያውን ከፍተው ቀሪ ሒሳብዎን ይዩ፣ በባንክ ከሆነም በባንኩ መተግበሪያ ይመልከቱ። ገዢው ቢቸኩል፣ ባለ ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ቢጮኽም፣ ገንዘቡ ሳይታይ ዕቃው ከቤት አይውጣ። ለጠፋብዎ ገንዘብ መልእክቶቹን ይዘው ለፖሊስ ያመልክቱ።

«የፊት ቅባትና ሳሙና በቤቴ አዘጋጃለሁ። ሱቅ ስለሌለኝ ፈቃድ ያስፈልገኛል?» (ከሐረር)

ያስፈልግዎታል። ሱቅ አለመኖሩ ንግዱን ንግድ ከመሆን አያስቀረውም፤ ስለ ምዝገባው፣ ስለ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩና ስለ ፈቃዱ ወደ ክልሉ ንግድ ቢሮ ይሂዱ። የእርስዎ ሥራ ደግሞ ከስፌትና ከጥልፍ የሚለየው በሰው ቆዳ ላይ የሚቀባ ነገር በመሆኑ ነው፤ መዋቢያዎችን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ስለሚመለከታቸው፣ አንድም ጠርሙስ ከመሸጥዎ በፊት የተቆጣጣሪውን አካል መሥፈርት ይጠይቁ። የአንዲት ሴት ፊት ቢቆጣ ይቅርታ መጠየቅ አይበቃም።

«ቶሮንቶ ያሉ ዘመዶቼ ሥራሽን እንሽጥልሽ ይሉኛል። ከውጭ አገር የመሸጫ ድረ ገጾች በአንዱ ብከፍትስ?» (ከሐረር)

ፎቶ ማንሣት ከመጀመርዎ በፊት ድረ ገጹ ለሻጮች ገንዘብ የሚልክባቸውን አገሮች ዝርዝር ያንብቡ፤ አገራችን ከሌለችበት የቀረው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። ዘመዶችዎ በስማቸው ከከፈቱ ደግሞ የግብሩም ኃላፊነት የእነርሱ ስለሚሆን፣ ድርሻችሁን በጽሑፍ ተነጋገሩ። አሜሪካ ለሚኖር ገዢ ከላኩ፣ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ጥቅል ያለ ቀረጥ ይገባበት የነበረው አሠራር ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እንደቆመ ይወቁና ቀረጡን ማን እንደሚከፍል አስቀድመው ይንገሩት። ስፌት ደረቅ ሣር በመሆኑ በተቀባዩ አገር የዕፅዋት ጤና ቁጥጥር ሊመረመር ይችላል፤ እርጥበትና ነቀዝ እንዳይኖረው በሚገባ ያድርቁት። ከ«ጌይ ጋር» (ከባህላዊው የሐረሪ ቤት) ግድግዳ ላይ የወረዱ የአያትዎን የቆዩ ስፌቶች ግን ከአዲሶቹ ጋር አይቀላቅሉ፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

ለሽያጭ ከመላክዎ በፊት አንድ ስፌት ለዘመዶችዎ ይላኩ። ስፌት የሚጎዳው ከላይ በሚጫንበት ክብደት ስለሆነ ሆዱን በተጨማደደ ወረቀት ይሙሉት፣ ከንፈሩን ዙሪያውን በጨርቅ ይጠቅልሉት፣ ከዚያ ካርቶኑን ዘግተው ከጠረጴዛ ላይ ይጣሉት። ከፍተው ሲያዩት ቅርጹ ካልተለወጠ መንገዱንም ይችለዋል። ቶሮንቶ ሲደርስ ደግሞ ካርቶኑን ሳይከፍቱ በፊት፣ ከከፈቱትም በኋላ ፎቶ አንሥተው እንዲልኩልዎ ይጠይቋቸው።