ታንኩ ሞላ ወይስ መሬቱ መጠጣት አቆመ?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ ሰሚት አካባቢ በ2008 ዓ.ም. ሠርተን በገባንበት ቤት እንኖራለን። ሴፕቲክ ታንካችን ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር ሲሆን ውሃ የሚይዘው ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ነው። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ያስመጠጥነው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን በየሦስት ወሩ፣ በክረምት ደግሞ በየሦስት ሳምንቱ እየሞላ የምድር ቤቱ ሽንት ቤት ውሃ አልወስድ ይላል፤ በማንሆሉም ጠርዝ ፍሳሽ ይወጣል። እኛ ስድስት ቤተሰብ ስንሆን፣ ከሦስት ዓመት በፊት የሰርቪስ ክፍሎቹን ካከራየን ወዲህ በግቢው የምንኖረው አሥራ ሦስት ሰዎች ነን። ግቢውንም ሴራሚክ አልብሰነዋል። አንድ ባለሙያ «ታንኩ ጠቧችኋል፤ አፍርሳችሁ ትልቅ ሥሩ» አለን። ጎረቤታችን ደግሞ እርሾና ከገበያ የሚሸጥ ዱቄት ጨምሩበት ይሉናል። ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ምክርዎን እንሻለን።

መልስ፦ ታንኩን ለማፍረስ አይቸኩሉ። ከጻፉልኝ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ «ሞላ» የሚለው ቃል ነው፤ በደንብ የተሠራ ሴፕቲክ ታንክ አገልግሎት ከጀመረ ከጥቂት ቀናት በኋላ አንሥቶ ምንጊዜም ሙሉ ነውና። ከቤት አንድ ባልዲ ውሃ ሲገባ በሌላው ጫፍ አንድ ባልዲ ውሃ ይወጣል። በመካከሉ ፍሳሹ ቢያንስ አንድ ቀን ያህል ረግቶ ሲቆይ ከባዱ ነገር ከታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም የዘቀጠውን ቀስ በቀስ እያብላሉ መጠኑን ይቀንሱታል። ስለዚህ ክዳኑ ተከፍቶ ውሃው እስከ መውጫው ቧንቧ ደርሶ ቢታይ ጤነኛ ነው። የሚያስጨንቀው ውሃው ከመውጫው ቧንቧ በላይ ከፍ ብሎ ሲቆም ነው፤ እርሱም ውሃው መሄጃ አጥቷል ማለት ነው።

የውሃው መሄጃ ብዙ ሰው የሚረሳው ሁለተኛው ጉድጓድ ነው። ታንኩ ወለሉም ግድግዳውም ውሃ የማያሳልፍ መሆን ሲገባው፣ ግንበኞች ሶክ አዌይ የሚሉት ማስረጊያ ጉድጓድ ግን በደረቅ ድንጋይ ተደርድሮ ውሃውን ወደ መሬት የሚለቅ ነው። በአገራችን ሁለቱ በአንድ ስም ስለሚጠሩ የአንዱ ሕመም በሌላው ላይ ይነገራል፤ ለአንዱ የሚሆነው መድኃኒትም ለሌላው ይታዘዛል።

እስቲ የእርስዎን ታንክ አብረን እናስላው። በሰጡኝ ልክ 3,000 ሊትር ይይዛል። አንድ ሰው በዓመት ወደ 40 ሊትር የሚጠጋ ዝቃጭ ይተዋል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ስድስት ሰዎች በዓመት 240 ሊትር ያዘቅጣሉ፤ ዝቃጩ የታንኩን ሲሶ ማለትም 1,000 ሊትር ለመያዝ አራት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት አንድ ጊዜ ብቻ ማስመጠጣችሁ ከዚህ ስሌት ጋር ይስማማል። አሥራ ሦስት ሰዎች ደግሞ በዓመት 520 ሊትር ያዘቅጣሉ፤ ሲሶው በሁለት ዓመት ግድም ይሞላል። ውሃውንም ብንወስድ፣ እያንዳንዱ ሰው በቀን 70 ሊትር ቢያወጣ አሥራ ሦስቱ 910 ሊትር ይሆናል፤ ሲሶው በዝቃጭ የተያዘ ታንክ እንኳ ይህን ከሁለት ቀን በላይ ማቆየት ይችላል። ታንክዎ ለአሥራ ሦስት ሰው አልጠበበም። በሦስት ወር፣ ይልቁንም በሦስት ሳምንት የሚሞላ ነገር ዝቃጭ ሊሆን አይችልም።

ይህን በዓይንዎ የሚያረጋግጡበት ቀላል መንገድ አለ። በሚቀጥለው ጊዜ የመምጠጫው መኪና ሥራውን ሲጨርስ ክዳኑ ወዲያው አይዘጋ፤ ሰው ወደ ውስጥ ሳያጎነብስ ከላይ በባትሪ እያበሩ ወደ ማስረጊያው የሚሄደውን ቧንቧ ይመልከቱ። ባለፈው ሐምሌ አንድ ወዳጄ ቤት እንዲህ ስናደርግ፣ የመኪናው ሠራተኞች ቱቦውን እየጠቀለሉ ሳሉ ጠቆር ያለ ውሃ በመውጫው ቧንቧ በኩል ወደ ባዶው ታንክ ተመልሶ መንዶልዶል ጀመረ፤ ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሳይደርስ ታንኩ ግማሽ ሆኖ ነበር። ወዳጄ ለካ ለሁለት ዓመት ገንዘብ የከፈለው ማስረጊያውንና በዙሪያው የራሰውን መሬት ለማስመጠጥ ነበር። በእርስዎም ቤት ውሃው ከተመለሰ የታመመው ማስረጊያው ነው። ካልተመለሰና ውሃው ግን ቆይቶ ከመውጫው ቧንቧ በላይ ከቆመ፣ በመካከል ያለው ቧንቧ ተደፍኗል ወይም በክረምት የከርሰ ምድር ውሃ በተሰነጠቀ ግድግዳ እየገባ ነው።

ማስረጊያ መጠጣት የሚያቆመው ብዙውን ጊዜ ከታንኩ በሚያመልጥ ነገር ነው። ያልዘቀጠ ቆሻሻና ቅባት አብሮ ሲሄድ፣ በድንጋዩና በአፈሩ መጋጠሚያ ላይ ጥቁር ዝልግልግ ሽፋን ይሠራና የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል። ቅባቱን በታንኩ ውስጥ የሚያስቀረው በመውጫው ላይ ወደ ታች የሚወርደው «ቲ» የሚባለው የቧንቧ መገጣጠሚያ ነው። ይህ ዕቃ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሲሠራ ሳይገጠም ወይም በመምጠጫው ቱቦ ተመትቶ ወድቆ የቀረባቸው ታንኮች ብዙ ናቸው። እባክዎ በቦታው መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከሌለ፣ ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። በዚህ ላይ የሰሚትና የአካባቢው መሬት አብዛኛው ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ ውሃ የሚጠጣ ይመስላል፤ ክረምት ሲገባ ግን አብጦ ስንጥቁ ሁሉ ይገጥማል። በጥር የተቆፈረ ማስረጊያ በነሐሴ የማይሠራው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሴራሚኩ እንምጣ። ግቢው ሲለበጥ የጣሪያው አሸንዳና የግቢው ዝናብ በየት እንዲወጣ ተደረገ? ብዙ ቤት «ለጊዜው» ተብሎ ከማንሆሉ ጋር ይያያዛል። 120 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 3,000 ሊትር ውሃ ይሆናል፤ ይህም የታንክዎን ሙሉ ይዘት ያክላል። በአንድ ከሰዓት በኋላ የዘነበ ዝናብ ታንኩን አጥለቅልቆ፣ ረግቶ የነበረውን ዝቃጭ አንሥቶ ወደ ማስረጊያው ይጠርገዋል ማለት ነው። በክረምት በየሦስት ሳምንቱ የሚለው ቃልዎ ወደዚህ እንድጠረጥር አድርጎኛል። አሸንዳው ከፍሳሹ ጋር ተያይዞ ከሆነ ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ ያስለዩት።

የሚያንጠባጥብ ሽንት ቤትም ድምፅ ሳያሰማ የሚሰርቅ ሌባ ነው፤ በቀን ብዙ መቶ ሊትር ሊያፈስ ይችላል። ማታ በውሃ ማጠራቀሚያ ሣጥኑ ውስጥ ጥቂት ጥቁር ቡና ይጨምሩና ሳይለቁ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ፤ መቀመጫው ውስጥ ቀለም ከታየ ጎማው ያፈሳል። የተከራዮቹንም ሽንት ቤት እንዲሁ ይፈትሹ።

ከወጥ ቤት የሚወጣው ነገር በእኛ አገር የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ቡና የሚፈላበት ቤት አተላውን ከሲኒ እጣቢ ጋር በሲንክ ከደፋው፣ አተላው በታንኩ ውስጥ ሳይበሰብስ ለዓመታት ይከማቻል። የወጥ ድስት ከመታጠቡ በፊት ቅቤውና ዘይቱ በወረቀት ተጠርጎ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ይግባ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የበዓል ማግስት ነው፤ በጉ ከታረደ በኋላ የሆድ ዕቃው እጣቢ፣ ደሙና ፈርሱ የማንሆሉ ክዳን ተነሥቶ ሲደፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ፈርስ ያልተፈጨ ሣር ነው፤ አንድ ፋሲካ ብቻ የሚያደርሰው ጉዳት ወራት የሚፈጅ ነው። ሞዴስ፣ ዳይፐር፣ እርጥብ መጥረጊያ ወረቀትና ሲጋራ ፈጽሞ መግባት የለባቸውም። በረኪና ለሽንት ቤት ማጽጃ በመጠኑ ቢፈስ ታንኩ ይችለዋል፤ በጀሪካን መድፋት ግን ሥራውን የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ይገድላል።

እርሾውንም ዱቄቱንም ይተዉት። ታንኩ የሚያስፈልገው ባክቴሪያ ከሰው ዓይነ ምድር ጋር በየቀኑ ይገባል። የተደፈነ መሬት የሚከፍት ዱቄት የለም፤ አንዳንዱ ጭራሽ ዝቃጩን እያናወጠ ወደ ማስረጊያው እንዲሄድ ያደርገዋል።

እንግዲህ ገንዘብዎን ለምን ያውሉት ቢሉ፣ በመጀመሪያ በሴራሚኩ ሥር የተቀበሩትን ክዳኖች አስከፍተው ከወለሉ እኩል የሆነ፣ ታንኩ ሁለት ክፍል ካለው ለሁለቱም የሚያገለግል ክዳን ያሠሩ፤ ያልታየ ነገር አይጠገንምና። ከዚያ ማስረጊያው በእርግጥ ተደፍኖ ከተገኘ ሁለተኛ ማስረጊያ ያስቆፍሩና ውሃውን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዞር መቆጣጠሪያ ያስገጥሙ። የተደፈነው ለስድስት ወር ወይም ለአንድ ዓመት ሲያርፍ ሽፋኑ ደርቆና በስብሶ መሬቱ የተወሰነ አቅሙን መልሶ ያገኛል፤ ሁለቱን እያፈራረቁ መጠቀም ይቻላል። ከመቆፈርዎ በፊት ግን መሬቱን ይፈትኑት፦ በታሰበው ጥልቀት 30 ሴንቲ ሜትር የሆነች ጉድጓድ ቆፍረው ሌሊቱን ውሃ ሲያጠጧት ይደሩ፤ በማግስቱ እንደገና ሞልተው 25 ሚሊ ሜትር ለመውረድ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይለኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከፈጀ በዚያ ቦታ ማስረጊያ አይሠራም፤ አንድ ሺህ ድንጋይ ቢደረደርበትም አይጠጣም። እንዲህ ከሆነ ያለው አማራጭ የከተማው የፍሳሽ መስመር በአካባቢዎ ካለፈ ከእርሱ ጋር ለመያያዝ ማመልከት፣ ካላለፈም የውሃ ፍጆታን ቀንሶ ማስመጠጥን እንደ ቋሚ ወጪ መያዝ ነው።

ለወደፊቱ በዓመት አንድ ጊዜ ረጅም እንጨት ጫፉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው እስከ ታንኩ ወለል ያውርዱና ጥቂት አቆይተው ያውጡት። ጨርቁ የጠቆረበት ከፍታ የዝቃጩ ልክ ነው። ዝቃጩና ተንሳፋፊው ተደምረው የውሃውን ጥልቀት ሲሶ ሲይዙ ያስመጥጡ፤ ከዚያ በፊት አያስፈልግም፤ ከዚያ ማሳለፍ ግን ማስረጊያውን መግደል ነው።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ከከተማ ወጣ ያለ ቤት ገዛን። ከሲንኩ ሥር የምግብ ትርፍራፊ መፍጫ አለ። ከጓሮ ያለው ሰፊ መስክ የሴፕቲኩ ውሃ የሚሰርግበት ነው ተባልን፤ ጎመንና ድንች ልንተክልበት አስበን ነበር። በስንት ጊዜስ ይመጠጣል?

መልስ፦ ጎመኑን ሌላ ቦታ ይትከሉት። በዚያ መስክ ሥር ያልተጣራ ፍሳሽ በተበሱ ቱቦዎች ይሰራጫል፤ ለምግብ የሚሆን አትክልት፣ ይልቁንም በመሬት ውስጥ የሚያድገው ድንች አይመከርም። የዛፍ ሥርም ቱቦውን ይደፍናል። ሣር ብቻ ይኑርበት፤ መኪና አይቁምበት፤ እንግዳ በሚበዛበት በክርስትናና በሰርግ ቀን ይህ እንዳይዘነጋ። መፍጫውን መጠቀም ቢያቆሙ ታንኩ በእጅጉ ያርፋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ እንዲመረመር፣ በየሦስት እስከ አምስት ዓመት እንዲመጠጥ ይመክራል፤ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ጥበቃ ሕግ ሥር ባሉት የቨርጂኒያ አካባቢዎች ደግሞ በየአምስት ዓመቱ ማስመጠጥ ግዴታ ነው። የታንኩን ቦታ የሚያሳየውን ንድፍ ከአካባቢዎ የጤና መሥሪያ ቤት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሐዋሳ ነው። መንገዳችን ጠባብ ስለሆነ የመምጠጫ መኪና አይገባም። አንድ የቀን ሠራተኛ ገብቶ በባልዲ ሊያወጣልን ተስማምቷል። ለሰውዬው ምን ዓይነት ጥንቃቄ እናድርግለት?

መልስ፦ እባክዎ ሰውዬውን አያስገቡት። በታንኩ ውስጥ ሃይድሮጂን ሰልፋይድና ሚቴን የሚባሉ ጋዞች ይጠራቀማሉ፤ የሚተነፈሰው አየርም ይጎድላል። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ በጥቂቱ ሲሆን እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን ማሽተቻን ስለሚያደነዝዝ ሰውዬው «ሽታው ጠፋ» ብሎ በወረደበት ቅጽበት ይወድቃል። አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን፣ ክዳኑን አንድ ቀን ከፍቶ ማሳደር፣ ወገቡን በገመድ ማሰር አያድነውም። ሻማ ወይም ክብሪት ማስገባት ደግሞ ሚቴኑን ሊያፈነዳው ይችላል። እንዲህ ባለ ጉድጓድ ከአንድ ሰው ጋር ሊያወጡት የወረዱ ወንድምና ጎረቤት ተከታትለው ይሞታሉ።

መኪናው የግድ በር ድረስ መድረስ አያስፈልገውም፤ ቱቦ እየተቀጣጠለ ከዋናው መንገድ መምጠጥ ስለሚቻል፣ ከመንገዱ እስከ ታንኩ ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው ለከተማው የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ወይም ለግል መኪና ባለቤቶች ይንገሩ። ቱቦ የሚያስቀጥል ቢጠፋ እንኳ ከሌላ ሰፈር እስኪመጣ ይጠብቁ፤ እስከዚያ የልብስ ማጠቢያውን ውሃ ወደ ታንኩ አያስገቡ፤ ሰውዬውንም በሌላ የቀን ሥራ ያሰማሩት። ክዳኑም የተሰነጠቀ ከሆነ ልጆች እንዳይወድቁበት በዚህ ሳምንት በኮንክሪት ያስለውጡት።