ደጋፊዎቼ አንድ አንድ ዶላር ሊሰጡኝ ነው፤ የት ልቀበላቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ለቪዲዮ የግርጌ ጽሑፍ ማስተካከያ የምትሆን ትንሽ ኦፕን ሶርስ (ኮዷ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮግራም ጽፌ በነጻ ከለቀቅኩ አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ከዚያ ሌላ ፕሮግራሚንግ የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች እሠራለሁ። አሁን ሰዎች "በየወሩ ትንሽ ትንሽ እንርዳሽ፣ የት እንላክልሽ?" እያሉኝ ነው። ድጋፍ መቀበያ ስለሆኑት ድረ ገጾች፣ ስለ ፓትሪዮን፣ ጊትሃብ ስፖንሰርስ፣ ሊበራፔይ፣ ኦፕን ኮሌክቲቭ፣ ኮ-ፋይ አነበብኩ አነበብኩና ጭራሽ ተምታታብኝ። አብዛኛው ሰው የሚያስበው አንድ ወይም ሁለት ዶላር ነው። ብዙ የማይቆርጥብኝ የትኛው ነው? ለሚሰጡኝስ በምላሹ ምን ልስጣቸው? ግራ የገባኝ ነኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ዋናውን ነገር ራስሽ ጽፈሽዋል፤ "አንድ ወይም ሁለት ዶላር" ያልሽው። ሰው ሁሉ የሚያወዳድረው ፐርሰንቱን ነው፤ ይሄ አምስት ይቆርጣል፣ ያኛው አሥር ይቆርጣል እያለ። ትንንሽ ድጋፍን የሚበላው ግን እሱ አይደለም። በእያንዳንዱ ክፍያ ላይ የምትቆረጠዋ ቋሚ ሳንቲም ናት።

እስቲ አብረን እናስላው። በዶላር ለሚከፈል የካርድ ክፍያ የተለመደው ዋጋ 2.9 በመቶ ሲደመር 30 ሳንቲም ነው። አንድ ሰው 10 ዶላር ሲሰጥሽ የምትሄደው 59 ሳንቲም ናት፣ ብዙም አትጎዳም። 1 ዶላር ሲሰጥሽ ግን 33 ሳንቲም ይሄዳል። ሲሶው ማለት ነው፣ ያውም መድረኩ የራሱን ድርሻ ሳያነሳ! ያው ሰው 12 ዶላሩን በዓመት አንዴ ቢልክልሽ የሚቆረጠው 65 ሳንቲም ብቻ ነው። በየወሩ 1 ዶላር ሲልክ ግን አራት ዶላር ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። ሰጪው ያው፣ ከኪሱ የወጣውም ያው፣ አንቺ ጋ የሚደርሰው ግን ሌላ።

ለዚህ ነው ልቤ ወደ ሊበራፔይ የሚያደላው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ያለ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው፣ ራሱም ኦፕን ሶርስ ነው። ከድጋፍሽ ምንም አይወስድም፤ የሚተዳደረው ሰዎች ለራሱ በሚሰጡት ድጋፍ ነው። ደጋፊው በሳምንት ወይም በወር ይህን ያህል እሰጣለሁ ይልና የብዙ ወሩን፣ ከፈለገም የዓመቱን፣ ጠቅልሎ አስቀድሞ ይከፍላል። ስለዚህ ያቺ 30 ሳንቲም የምትቆረጠው አንዴ ብቻ ነው። ገንዘቡም እነሱ ጋ አይቀመጥም፤ ስትራይፕ ወይም ፔይፓል በሚባሉት የክፍያ አሳላፊዎች በኩል ቀጥታ ወደ አንቺ ይመጣል። እዚህ ጋ ግን ቆም በይ። ከሁለቱ ባንዱ በምትኖሪበት አገር ገንዘብ መቀበል ይቻል እንደሆነ ምንም ነገር ከመክፈትሽ በፊት አጣሪ። ብዙ ሰው ገጹን አሳምሮ፣ ፎቶውን ለጥፎ፣ ለወዳጅ ዘመድ አሰራጭቶ ሲያበቃ ነው ገንዘቡን ማውጣት እንደማይችል የሚያውቀው።

ጊትሃብ ስፖንሰርስ፣ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት የጊትሃብ ድረ ገጽ የድጋፍ ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የመጣ ነው። ከግለሰብ አካውንት ለሚመጣ ድጋፍ ምንም አይቆርጥም፤ 1 ዶላር ሲላክ 1 ዶላር ነው የሚደርስሽ። ከድርጅት አካውንት ሲሆን እስከ 6 በመቶ ይደርሳል። ለፕሮግራምሽ ከዚህ የተሻለ የለም፣ አገርሽ ገንዘብ መቀበል ከሚቻልባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ካለች። ችግሩ ሰጪውም ጊትሃብ አካውንት ያስፈልገዋል። ኮድ ለሚጽፍ ሰው ይሄ ምንም አይደለም። ፕሮግራምሽን ከፍቶ የግርጌ ጽሑፉን አስተካክሎ የሚዘጋ ሰው ግን ጊትሃብ ምን እንደሆነም ላያውቅ ይችላል።

ፓትሪዮን ለቪዲዮዎቹ ነው የሚሆንሽ። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2025 ወዲህ ለሚገቡ አዲስ ፈጣሪዎች (እንዳንቺ ሥራቸውን ለሚያቀርቡ ሰዎች) 10 በመቶ ይወስዳል፣ የካርዱ ክፍያ ሳይጨመር። ደግነቱ 3 ዶላርና ከዚያ በታች ለሆነ ክፍያ የካርዱ ተመን ለየት ይላል፤ 5 በመቶ ሲደመር 10 ሳንቲም ነው። ስለዚህ ከ1 ዶላር 75 ሳንቲም፣ ከ5 ዶላር ደግሞ 4 ዶላር ከ5 ሳንቲም ገደማ ይደርስሻል። ደጋፊዎችሽን ግን በአይፎን አፕ ሳይሆን በብሮውዘር እንዲመዘገቡ ንገሪያቸው፤ በአፑ ውስጥ የሚደረግ ግዢ ላይ አፕል እስከ 30 በመቶ ሊወስድ ይችላል።

ስለ ፓትሪዮን ሳነሳ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 የሆነውን ሳልነግርሽ አላልፍም። የካርዱን ክፍያ ደጋፊዎች ከላይ ጨምረው ይክፈሉ ተብሎ ተወሰነ፤ በእያንዳንዱ ድጋፍ 2.9 በመቶና 35 ሳንቲም። 1 ዶላር የሚሰጠው ሰው 1.38 ሊከፍል ሆነ። ለሃያ ሠዓሊ አንድ አንድ ዶላር የሚያካፍል ሰው ነበር፣ እሱ ላይ ሃያ ጊዜ ተጨመረ ማለት ነው። ሰዎች ድጋፋቸውን ማቋረጥ ጀመሩ፣ ፈጣሪዎች ጮኹ፣ ድርጅቱም ብዙ ሳይቆይ ይቅርታ ጠይቆ ሐሳቡን ተወው። ያኔ የተጎዱት ትልልቆቹ አልነበሩም። ልክ እንዳንቺ አንድ አንድ ዶላር የሚለቅሙት ናቸው።

ኦፕን ኮሌክቲቭ ለቡድን ነው። ገቢና ወጪው ለሁሉም ይታያል፤ ገንዘቡን በስምሽ ሳይሆን በፕሮጀክቱ ስም ሌላ ድርጅት ይይዝልሻል፣ ለምሳሌ ኦፕን ሶርስ ኮሌክቲቭ የሚባለው 10 በመቶ ወስዶ። ፕሮግራሙን ብቻሽን የምትጠብቂ ከሆነ ለጊዜው ይቅርብሽ። ኮ-ፋይ ደግሞ ካንድ ጊዜ ስጦታ አይቆርጥም፣ በነጻ አካውንት ከወርሃዊ አባልነት ግን 5 በመቶ ይወስዳል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ምን ልስጣቸው አልሽ። ለፕሮግራሙ፣ ምንም። በቁም ነገር ነው የምልሽ። የምደግፈው አንድ ልጅ ነበር፣ ጥሩ ፕሮግራመር። ገጹን ሲከፍት ሦስት ደረጃ አወጣ፤ የላይኛው በ25 ዶላር በወር አንድ ሰዓት ከእሱ ጋር በቪዲዮ ማውራት ነው። አራት ሰው ገባ፣ ደስ አለው። ከዚያ አንዱ ማታ ነው የሚመቸኝ አለ፣ አንዱ ቀጠሮ አፈረሰና ሌላ ቀን ይሰጠኝ አለ፣ አንዱ የመሥሪያ ቤቱን ኮድ ይዞ መጣ። በስድስተኛው ወር ፕሮግራሙ ላይ አንድ መስመር እንኳ ሳይጨምር ወሩ ማለቅ ጀመረ። ሰው የረዳው ፕሮግራሙ እንዲቀጥል ነበር፣ የቆመው ግን ያው ፕሮግራሙ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ። በመጨረሻ ደረጃዎቹን ሁሉ አንስቶ "የምትሰጡኝ እንድቀጥል ነው" ብሎ ጻፈ። አብዛኛው ደጋፊ አልሄደም።

ለቪዲዮው ከሆነ ሌላ ነው። ቪዲዮውን ለደጋፊ ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ ማሳየት ተጨማሪ ሥራ አይጠይቅሽም። ያንን ስጪ፣ ሌላ አትጨምሪ።

ስለዚህ ሁለቱን ለያዪያቸው። ፕሮግራሙን በጊትሃብ ስፖንሰርስና በሊበራፔይ፣ ቪዲዮውን በፓትሪዮን። ሦስት ገጽ በዛ ካልሽ ፓትሪዮኑን ለሌላ ጊዜ አቆዪው።

አንድ ነገር ደግሞ። ከደብዳቤሽ መጠየቅ እንደሚያሳፍርሽ ገብቶኛል። አትፈሪ። እ.ኤ.አ. በ2014 ኸርትብሊድ የተባለው የደኅንነት ክፍተት ሲገኝ፣ የበይነመረቡ ትልቅ ክፍል ሚስጥሩን የሚጠብቅበት ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል የተባለው ፕሮግራም በዓመት የሚያገኘው ስጦታ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ሁሉም ይጠቀምበታል፣ ሁሉም ሌላ ሰው ይረዳዋል ብሎ ያስባል። እነዚያ "የት እንላክልሽ" ያሉሽ ሰዎች ሊሰጡ ፈልገው ነው።

ሊንኩን ከፕሮግራሙ መግለጫ ግርጌ አትቅበሪው፣ አናቱ ላይ አድርጊው። ከሊበራፔዩ ሊንክ ጎንም እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ "በየወሩ 1 ዶላር ከምትልኩልኝ በዓመት አንዴ 12 ዶላር ብትልኩልኝ ብዙ ይደርሰኛል።" ሒሳቡን ከነገርሻቸው ያደርጉታል።