28 ኮር ያለው ኮምፒውተር ሬቪትን ለምን አያፈጥንም? የአርክቴክቶች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ጥያቄ የበዛው ከአርክቴክቸር ተማሪዎችና ከትንንሽ ቢሮዎች ነው። ሁሉም “የቱን ልግዛ?” ይላሉ። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፦ ኮምፒውተሩ የሚያስጠብቃችሁ መቼ ነው? ሞዴሉን ስትሠሩ ነው ወይስ ሬንደር (የተጠናቀቀውን ምስል ወይም ቪዲዮ) ስታወጡ?

“የ5ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አንድ ሻጭ ሁለት ዚዮን ፕሮሰሰር፣ በድምሩ 28 ኮር ያለው ያገለገለ ወርክስቴሽን አሳየኝ። ‘ለአርክቴክት የተሠራ ነው’ ይላል። ልግዛው?”

ሥራሽ ሬቪትና ስኬችአፕ (የሕንፃ ሞዴል መሥሪያዎቹ ፕሮግራሞች) ከሆነ ተይው። ግድግዳ ስታንቀሳቅሺ ወይም ሞዴሉን ስታዞሪ ሥራው በአብዛኛው የሚወድቀው አንድ ኮር (ከፕሮሰሰሩ ሠራተኛ ክፍሎች አንዱ) ላይ ነው፤ የቀሩት 27ቱ ቆመው ያያሉ። ገበያ ላይ ባለ 28 ኮር ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ሁለት ኢ5-2680 ቪ4 የተባለ ዚዮን ያላቸው ናቸው። ይህ ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሲሆን ፍጥነቱ ቢበዛ 3.3 ጊጋኸርዝ ነው። ባለ 6 ኮሩ አይ5-12400 ግን 4.4 ይደርሳል፣ በእያንዳንዱ ምት የሚሠራውም ሥራ ይበልጣል። በዚያ ላይ ዊንዶውስ 11 የድሮውን ዚዮን በይፋ አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ሻጩ ዋሸ አልልም። ኮሮና በተባለው፣ በፕሮሰሰር በሚሠራ ፕሮግራም ሬንደር የሚያወጣ ሰው 28ቱንም ኮር ያሠራቸዋል። ለማረጋገጥ የራስሽን የሬቪት ፋይል በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ። ታስክ ማናጀርን ከጎን ክፈቺና አንድ ከባድ ቪው ቀይሪ። ሲፒዩው 2 ወይም 3 በመቶ ላይ ቁጭ ብሎ አንቺ የምትዞረዋን ክብ እያየሽ ከጠበቅሽ፣ ነገሩ ያ ነው።

“ወንድሜ ከዱባይ አርቲኤክስ 4070 ያለው ላፕቶፕ ሊያመጣልኝ ነው። የምሠራው በሉሚዮን ነው። ምን ልንገረው?”

የግራፊክስ ካርዱ ስም አያታልልህ። የዴስክቶፑ 4070 የራሱ 12 ጊጋባይት ሜሞሪ ሲኖረው የላፕቶፑ 8 ብቻ ነው፣ ልክ እንደ ላፕቶፑ 4060። ሬንደር ማውጫው ሉሚዮን ዛፉን፣ ሰዉን፣ መኪናውን ሁሉ የሚጭነው እዚያ የካርዱ ሜሞሪ ላይ ነው፤ ሲሞላ ወይ ይንቀራፈፋል ወይ ይዘጋል። ስለዚህ 4060 ገዝቶ የዋጋ ልዩነቱን ራም ላይ ቢያውለው እመርጣለሁ።

ዋቱንም ይጠይቅ። ያው 4070 እንደ ላፕቶፑ አሠራር ከ35 እስከ 115 ዋት ሊሰጠው ይችላል፤ ቀጭኑና የሚያምረው አብዛኛውን ጊዜ ትንሹን ነው የሚያገኘው፣ ያኔ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ሻጩ “አንድ ነው” ካለው ሌላ ሱቅ ይግባ። ዋስትናው አገር ቤት ይሠራ እንደሆነም ሳይጠይቅ እንዳይወጣ።

“ማክቡክስ?”

ሬቪትም ሉሚዮንም ለማክ አልተሠሩም። ለሞዴል አርኪካድና ስኬችአፕ፣ ለሬንደር ትዊንሞሽን ግን ይሠራሉ። ነገ የምትቀጠሩበት ቢሮ ሬቪት የሚጠይቅ ከሆነ ይቅርባችሁ።

“16 ጊጋ ራም ይበቃል?”

ለአንድ መኖሪያ ቤት ይበቃል። ሬቪት፣ ሉሚዮንና 20 የክሮም ታብ አብረው ከተከፈቱ (ይከፈታሉም) 32 ያስፈልጋል። ሲገዛ ከአንድ ባለ 32 ሁለት ባለ 16 ይሻላል፤ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ያነባል።

“ሀዋሳ ቢሮ አለን። ሌሊት ሬንደር እየሠራ መብራት ይጠፋና ጠዋት ባዶ እናገኛለን። የገዛነው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስም አብሮ ይጠፋል። ተበላሽቶ ይሆን?”

ላይበላሽ ይችላል። 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት አይደለም፤ ርካሾቹ በዋት ሲቆጠር የሚሰጡት ከግማሹ ብዙም የማይርቅ ነው። ጀርባው ላይ በዋት የተጻፈውን ይመልከቱ። አንድ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ በሬንደር ጊዜ ብቻውን 200 ዋት ሊስብ ይችላል፣ ፕሮሰሰሩና ስክሪኑ ሳይቆጠሩ። ሌዘር ፕሪንተርም እዚያው ተሰክቶ ከሆነ ዛሬውኑ ይንቀሉት።

ትልቅ ዩፒኤስ ቢገዙም ሌሊቱን አያሳድርዎትም፤ ጥቅሙ ጄኔሬተር እስኪነሳ ወይም ፋይል እስኪቀመጥ ድረስ ላለችው ደቂቃ ነው። ስለዚህ አኒሜሽኑን በአንድ የቪዲዮ ፋይል አያውጡት፤ ፍሬም በፍሬም በምስል ይውጣ፣ ቪዲዮውን በኋላ ይገጣጥሙታል። 900 ፍሬም ካለውና መብራት በ640ኛው ላይ ከጠፋ፣ ጠዋት ከ640 ይቀጥላሉ።