ለ12 ክፍል ድራማ ትምህርት ይቋረጣል?

ጥያቄ፦ «አዳማ የአካውንቲንግ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አዲስ አበባ በሚቀረፅ የ12 ክፍል ተከታታይ ድራማ ላይ የባለሱቁን ልጅ ሆኜ እንድጫወት ተመርጫለሁ። በሁሉም ክፍል አለሁበት። ትምህርቴን አቋርጬ ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?»

እንኳን ደስ አለሽ። ሁለቱም አያስፈልግም። መቁጠር ያለብሽ ክፍሉን ሳይሆን የቀረጻ ቀኑን ነው። ድራማ አብዛኛውን ጊዜ በሚታይበት ቅደም ተከተል ሳይሆን በቦታ በቦታው ነው የሚቀረፀው። ሱቁን አንዴ ከተከራዩት ከክፍል 1 እስከ 12 እዚያ ያለውን ሁሉ ጨርሰው ነው የሚወጡት። በየክፍሉ አንድ ትዕይንት ካለሽና በቀን አራት ከተሠራ፣ ያንቺ ሥራ የሦስት ቀን ነው። ለሦስት ቀን ዓመት አይጣልም።

ፕሮዳክሽን ማናጀሩን የቀረጻ ፕሮግራሙን ከነመጠባበቂያ ቀኑ ጠይቂው። መብራት ይጠፋል፣ ዝናብ ይመጣል፣ ዋናዋ ተዋናይት ሌላ ሥራ ይደርስባታል፤ ፕሮግራም ይገፋል። የፈተና ቀኖችሽን ከአሁኑ በጽሑፍ ስጪያቸው። ቀኑ በዝቶ የግድ ማቋረጥ ቢመጣ እንኳ ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ቅጽ) ሞልተሽ ውጪ፤ ዝም ብሎ የቀረ ተማሪ ኤፍ ተቆጥሮበት ለመመለስ ይቸገራል።

ክፍያው ላይ ቃል ምረጪ። «በቀን» ከተባለ የሦስት ቀን ብቻ ታገኛለሽ። «በተላለፈ ክፍል» ከተባለ ደግሞ ኤዲተሩ ከአራት ክፍል ቆርጦ ቢያወጣሽ የስምንቱ ብቻ ይከፈልሻል። ላንቺ የሚሻለው «በተቀረፀ ክፍል» የሚለው ነው። ቀሪው ክፍያ በመጨረሻው የቀረጻ ቀንሽ ይሁን እንጂ «ከተላለፈ በኋላ» አይባል፤ ስፖንሰር እስኪገኝ ወራት ሊያልፍ ይችላል። ምስልሽን ለስፖንሰር ማስታወቂያ ይጠቀማሉ የሚል አንቀጽ ካለም ለብቻው ዋጋ ጠይቂበት። የቅጅ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ለከዋኞች መብት ይሰጣል፤ ሳታነቢ የፈረምሽው ወረቀት ግን ያንን መብት አሳልፎ ሊሰጥብሽ ይችላል።

አዲስ አበባ ከአዳማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በፈጣን መንገዱ ቅርብ ይመስላል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሜካፕ ላይ ተገኚ ስትባዪ ግን ዋዜማውን እዚያ ማደር ግድ ነው፤ ቀረጻው ከምሽቱ 4 ሰዓት ካለቀም የአዳማ መኪና አታገኚም። መኝታና ትራንስፖርት ከክፍያሽ ተለይቶ ውሉ ላይ ይስፈር።

አሁን ወደ ሥራው። አንድን ትዕይንት ከሩቅ፣ ከቅርብ፣ ከትከሻ ኋላ እያሉ ደጋግመው ያነሱታል። ደንበኛ ሆና ለመጣችው ዋና ተዋናይት መልስ እየሰጠሽ «አባቴ ዛሬ አይመጣም» ትያለሽ እንበል። በመጀመሪያው ቴክ (አንዱ የቀረጻ ሙከራ) እጅሽን የዘረጋሽው «አባቴ» ስትዪ ከሆነ፣ በሰባተኛውም «አባቴ» ላይ፣ በዚያው እጅ መዘርጋት አለበት። ካልገጠመ ኤዲተሩ ካንቺ ፊት ይልቅ የዋናዋን ፊት ያስገባል፤ ያንቺ ድምፅ ብቻ ይሰማል። በትንሽ ሚና የገቡ ጀማሪዎች የሚጠፉት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ «ቀንተውብኝ ቆረጡኝ» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ቤት ሽንኩርት እየላጥሽ ቃለ ተውኔትሽን በይው፤ እጅሽ ሲሠራ ቃሉ ከጠፋብሽ ገና አልያዝሽውም።

ፀጉርም እንዲሁ። ሹሩባ ተሠርተሽ ከጀመርሽ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ በስልክሽ አንሺው። ቀረጻው ሳምንት ቢገፋ ያቺው ሹሩባ ሠሪ ፎቶውን እያየች ትድገመው።

ከሥራሽ የአንድ ደቂቃ ቅንጭብ መውሰድ እንደምትችዪም አስጽፊ፤ ለቀጣዩ ኦዲሽን ከፎቶ ይልቅ እሱ ይናገርልሻል። አፋን ኦሮሞ የምትችዪ ከሆነ የኦቢኤን (የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ) መቀመጫ እዚያው አዳማ ስለሆነ በአፋን ኦሮሞም አንድ ደቂቃ በስልክ ቀድተሽ ያዢ። ስልኩን አግድም፣ ዓይንሽ ትክክል አድርጊው፤ ብርሃኑ ከፊትሽ ይምጣ። መስኮቱን ግን ዝጊ፤ የአዳማን ነፋስ ታውቂዋለሽ።