መልስ፦ ነጠላ ላይ ስንጠልፍ ለምን ይሸበሸባል?

እህቴ፣ የሐዋሳ ሰልጣኞችሽን ነጠላ የሚሸበሽበው የክሩ ውፍረትና አጎታተት ነው። የተለመደው የጥልፍ ክር 6 ቀጫጭን ክሮች አሉት፤ ለሳሳ ሸማ 2ቱ ይበቃሉ፣ ነጥለሽ ስጪያቸው። ርዝመቱ ከ45 ሳንቲ ሜትር አይለፍ። ሲረዝም ይቋጠርና ሳያስቡት ይጎትቱታል።

ክብ መወጠሪያው ላይም ጨርቁ ቀጥ ይበል እንጂ ድርና ማጉ እስኪዛባ አይሳብ፤ ሲፈታ ተመልሶ ይሰበሰባል።

ቀይ ክር ግን ተጠንቀቂ። ሳትጀምሩ አርጥባችሁ ነጭ ጨርቅ ላይ ጫን አድርጉት፤ ቀለም ከለቀቀ ተዉት። እኔ እዚሁ ሐዋሳ ሳሠለጥን ይህን ሳልፈትሽ ቀርቼ፣ አንዲት እናት ለልጇ ሰርግ ሦስት ሳምንት የጠለፈችው ነጠላ በመጀመሪያው እጥበት ዙሪያውን ሮዝ ሆነ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።